ያላነበብሁት መጽሐፍ

ሊይዘኝ የመጣው መኮንን ስሜን አልጠየቀኝም። ከክፍል አስጠርቶ፣ ጠመኔ የነካው እጄን ጨብጦ፣ «መምህር፣ ሰሞኑን ምን እያነበብህ ነው?» አለኝ፣ እንደ ወዳጅ። ስለ ንብ እርባታ አልሁት። ፈገግ ብሎ መኪናውን አሳየኝ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገባኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ሦስት አስተማሪዎች ጎንደር አራዳ ውስጥ በአንድ ልብስ ሰፊ ጓዳ እንገናኝ ነበር። ልብ ወለድ አይገባም፤ እያንዳንዱ ሰሞኑን የሚያነበውን የእውነት ነገር ለሌሎቹ ይተርካል። አንዱ ስለ ከዋክብት፣ አንዱ ስለ ሰው አካል፣ እኔ ስለ ንብ። በኋላ አንደኛው ጓደኛችን በአንድ ሩቅ አገር ገበሬዎች መሬት እንዴት እንደተከፋፈሉ የሚናገር መጽሐፍ አመጣና አዋሰኝ። አንብቤ መለስሁለት። መጽሐፉ አልተያዘም። መኮንኑ የሚፈልገው መጀመሪያ ማንበቤን፣ ቀጥሎ ያዋሰኝን ሰው ነበር። የጓደኛዬ ሚስት ያን ጊዜ አራስ ነበረች። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዓይኔም አላየሁ ብዬ ድርቅ አልሁ።

ያስገቡኝ ጣሊያን መጋዘን አድርጎት በነበረ የድንጋይ ክፍል ነው። የእርጥብ ጭድና የሽንት ሽታ ከበሩ ይቀበላል። ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ወሰዱብኝ። ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ሁለቱን አልረሳም። አንደኛው ከመካነ ብርሃን የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ መሬት ለካዮችን በዱላ አባረዋል ተብለው የታሰሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ቀኑን ሙሉ ዝም ይላሉ። ሌላው ካፖርት የለበሰ ከተሜ ነው። የመሥሪያ ቤት ተንኮል አሳሰረኝ ይላል፤ የጫማው ማሰሪያ ግን አልተወሰደበትም።

«የተማረ ሰው ናፍቆኝ ነበር» አለኝ ገና ሳልቀመጥ። «ሰሞኑን ምን እያነበብህ ነው?»

የመኮንኑ ቃል፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። ከዚያ ወዲያ የማልጠረጥረው ጠፋ። ውሃ ሲሰጠኝ «አይዞህ» ያለኝን ዘበኛ ጠረጠርሁ። የሽማግሌውን ዝምታ እንኳ ጠረጠርሁ፤ ሰው ያለ ምክንያት ይህን ያህል ዝም አይልም አልሁ። በጠየቁኝ ቁጥር ስለ ንብ እተርካለሁ፤ ስለ አውራዋ፣ ስለ ሠራተኞቹ፣ ስለ ሰፈፉ። እስረኞቹ ወደዱት። ባለካፖርቱ እያዛጋ ይሰማል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ «ዛሬስ ተራው የእኔ ነው» ብሎ ያንኑ የመሬት መጽሐፍ መተረክ ጀመረ። መጀመሪያውን በትክክል ሄደበት። ቀጥሎ ግን «ገበሬዎቹ ባለመሬቶቹን ከነልጆቻቸው አርደው መሬቱን ቀሙ» አለ፤ እያለም ፊት ፊታችንን ያያል።

እኔ ያደግሁት ንባብ ቤት ነው። እዚያ የሚያነበው ልጅ ሲስት የሰማ ሁሉ ያርመዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ዲያቆኑ ቢሳሳት ከቆሙት ደብተራዎች አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያቀናዋል። ስሕተት ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው። ጎንደር ያደገ ሰው በዚህ ወጥመድ በቀላሉ ይያዛል፤ ባለካፖርቱም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። «ውሸት!» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ደረሰ። አፌ ተከፈተ።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው እግራቸውን ዘረጉና የመጠጥ ውሃችን ያለበት ቆርቆሮ ተገለበጠ። ውሃው ጭዱን ሁሉ አራሰው። ሁሉም እየተራገመ ብድግ አለ።

«ምነው አያ! አያዩም እንዴ?» ብሎ ጮኸ ባለካፖርቱ።

«እርጅና ነው፤ ይቅር በለኝ» አሉት። ትረካው በዚያው ቀረ። ቀኑን ሁላችንም ተጠምተን ዋልን፤ ሽማግሌውም ስድብ ሲጠግቡ ዋሉ።

በማግሥቱ ፀሐይ እንድንሞቅ ወደ ግቢ አወጡን። ባለካፖርቱን ቢሮ ጠርተውታል። ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እኔም ልጅ ሁኜ ንባብ ቤት ገብቸ ነበር» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «ለማረም የሚነሣ አፍ አይጠፋኝም። ትናንት አየሁብህ።»

ወደ ቢሮው በር አየሁ።

«እኔ እዚህ የመጣሁት በመሬት ነገር ነው። ያ ሰውየ ያለው ልቤ አልገባም። እውነቱ እንዴት ነበር?»

ፈራሁ። ባለካፖርቱ ሊተነኩሰኝ፣ ሌላው ሊያባብለኝ ተመካክረው ይሆናል አልሁ። አንብቤዋለሁ ካልሁ ከማን አገኘህ ይከተላል፤ አራሷ ታየችኝ። ከንፈራቸውን አየሁት፤ ከትናንቱ ጥማት ተሰነጣጥቋል። እኚህ ሰው የታሰሩበትን ነገር እየጠየቁኝ፣ መልሱን እያወቅሁ መንፈግ አሳፈረኝ። ቢሰቅሉኝም የጓደኛዬን ስም አላወጣም፤ መጽሐፉን ግን እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆረጥሁ።

«ደም አልፈሰሰም፣ አያ» አልሁ በቀስታ። «ለካዮቹን የመረጡት ገበሬዎቹ ናቸው። ገመዱን የያዘው የመንደሩ ሰው ነው። ሲለካም ባለመሬቱ አጠገቡ ቆሞ ያያል።»

«ገመዱን ራሳቸው ያዙት?»

«ራሳቸው።»

«ሸጋ!» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ዘበኛው ዞሮ አየን። ዝቅ አድርገው ቀጠሉ፤ «እኛስ ይኸን አይደል ያልነ? ይኸንኑ አይደል ያልነ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ከተያዝሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።

ባለካፖርቱ ከቢሮው ሲወጣ አየነው። «ስለዚህ መጽሐፍ ቢጠይቁዎትስ?» አልኋቸው።

ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«እኔም አላነበብሁት» አሉ።

ጓደኛዬን ማንም ሳይነካው እኔም ተፈታሁ። ሽማግሌውን ግን ዳግም አላገኘኋቸውም። ዛሬም ሰው ምን እያነበብህ ነው ሲለኝ አስቀድሜ ፊቱን እመረምራለሁ፤ አመሉ አልለቀቀኝም። ኋላ ግን የት እንደደረስሁ እነግረዋለሁ። እኚያ ሰው ያን ቀን ባይጠይቁኝ ኖሮ ከዚያ ግቢ ስወጣ መጽሐፍ ማንበቤን እቀጥል ይሆናል፤ ለሰው መንገር ግን እተው ነበር።