ዘይት የነካው ሸራ

እናቴ አዲስ ነገር አይታ የጸሎት ዘይት ሳትቀባ አታልፍም። የጎረቤታችን የባጃጅ መሪ ተቀብቷል፤ የወንድሜ የፈተና መግቢያ ካርድም ተቀብቶ ፎቶው ደብዝዟል። ይህን እያወቅኩ የሳተላይታችንን ሸራ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታችን ይዤ መምጣቴ የራሴ ጅልነት ነው።

እኛ ተማሪዎች የምንሠራት ሳተላይት በአንድ እጅ ትያዛለች። አዲስ የምትሞክረው ነገር ይሄ ሸራ ነው፤ ሥራዋን ስትጨርስ ይዘረጋና ፍጥነቷን እየቀነሰ ወደ ታች ይጎትታታል፣ ሰማይ ላይ ቆሻሻ ሆና እንዳትቀር። ሁለት ሸራዎች አዘጋጅተናል፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ የክፍል ጓደኛዬ። ሰኞ መምህራችን አንዱን ይመርጣል። የኔ እንዲሄድ በጣም ጓጉቼ ነበር። ቅዳሜ ላቦራቶሪው ስለሚዘጋ፣ አስተጣጠፉን ቤት ልለማመድ አልኩ።

እጄን ታጥቤ ስመለስ እናቴ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ ትጸልያለች። ጣቷ ከማስቲካ ወረቀት የሳሳው ሸራ ላይ ነው።

«እማ! ምን አደረግሽ?»

«ባረክኩልሽ። በጌታ ስም ይቅናሽ አልኩ። ምነው?»

ጮኽኩባት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ንዴቴ ሲበርድ ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ ለመሆኑ ጠብታ ዘይት አየር በሌለበት ምን ይሆናል? ሳነብ ዋልኩ። ለካ ይተንና ሄዶ ሌላ ነገር ላይ ያርፋል! ሳተላይቷ ውስጥ ከሸራው አጠገብ ደግሞ የካሜራዋ መስታወት አለ። ዘይቱን ከሸራው ላይ ጠርጌዋለሁ፣ በዓይን አይታይም። ዝም ብል ማን ያውቃል?

ሰኞ ሚኒባስ ውስጥ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ሄጄ፣ ለመምህሩ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ፣ «ያንቺ ለሙከራ ይቅር፤ ዘይቱ ምን እንደሚሠራ እናይበታለን» አለ። የጓደኛዬ ተመረጠ። ሙከራውን ለማየት ጓጓሁ፤ የኔ ባለመሄዱ ግን አዘንኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ ገባት።

«በኔ ነው?»

«በዘይቱ ነው» አልኳት።

አጠገቤ ቁጭ አለች። «እሺ፣ የሚሄደው ሸራ ሳተላይቷን ጎትቶ አወረዳት እንበል። ከዚያስ?» አለችኝ።

«አየር ውስጥ ስትገባ ትቃጠላለች።»

«ከነሸራው?»

«ከነሸራው።»

«ውይ ልጄ! እንኳንም ያንቺ ቀረ!» አለች፣ ከልቧ።