ሁለቱ የኋላ ጎማዎች

ይህ ነገር ያስከፈለኝ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱን በሞት፣ አንዷን በኩርፊያ። የሆነው ባለፈው ዓመት ዳላስ በረዶ በጣለ ጊዜ ነው። ሱቄ ጥግ የቆሙትን ሁለት ጎማዎች ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ ያገለገለ ጎማ እሸጣለሁ። እዚህ በረዶ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ሲመጣ ግን ሁሉንም ያስጨንቃል። ለእኔ ገበያ ነው፤ አልዋሽም።

ጋሽ ታደሰ አገር ቤት የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱ ያረጁ ሾፌር ነበሩ። እዚህ በፒክአፕ ዕቃ ያደርሳሉ። በረዶው ሊጥል ሲል ሱቄ መጡ፤ በማግስቱ ኦክላሆማ የሚያደርሱት ጭነት ነበራቸው። ጎማቸውን ሳየው አራቱም ልሙጥ ሆነዋል። ለበረዶ የሚሆኑ አራት አወጣሁላቸው። እሳቸው ግን ሁለት ይበቃኛል፣ ለፊት ግጠምልኝ አሉ። የአገር ቤት ሾፌር ሕግ ነው፤ የፊት ጎማ ከፈነዳ መሪ አይታዘዝም፣ ስለዚህ ጥሩው ሁልጊዜ ለፊት ነው።

ይህ መኪና የሚገፋው በኋላ እግሩ መሆኑን፣ በረዶ ላይ ኋላው ከከዳ ፊቱ እንደማያድን ነገርኳቸው።

"አንተ ጎማ የምታውቀው ሸጠህ ነው፤ እኔ ነድቼው ነው" አሉኝ።

ሶ፣ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ። የቀሩትን ሁለቱን በነፃ ልግጠምልዎት አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ አንተ በነፃ ከሰጠኸኝማ ጎማው አንድ ነገር አለበት።"

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለዓመታት ሳንቲም አልለቅም እያልኩ ያተረፍኩት ስም ነው። የፊቱን ገጠምኩላቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ።

ከኦክላሆማ ሲመለሱ ድልድይ ላይ የመኪናው ኋላ ተንሸራቶ ዞረ። አልተረፉም።

ከአርባቸው በኋላ ልጃቸው ሱቅ መጣች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት።

"አባዬ ፊት ጎማ ጥሩ ነው። ኋላ ኦልድ ነው። ለምን ሁለት ብቻ ሰጠኸው?"

እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው ብላት፣ ዕድሜዋን በአባቷ ግትርነት ስትናደድ ልትኖር ነው። ሁለቱ ጎማዎች ከጀርባዋ ቆመዋል።

"የነበረኝ ሁለት ብቻ ነበር" አልኳት።

ለትርፍ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ አንዱም እንደዚህ አልከበደኝም።

"ሌላ ሱቅ ኮል ማድረግ አትችልም ነበር?" ብላኝ ወጣች።

አሁን ቤተ ክርስቲያን ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። ያማል። ዛሬም ብትጠይቀኝ ግን የምመልስላት ያንኑ ነው። ይህን የምጽፈውም አማርኛ ማንበብ እንደማትችል ስለማውቅ ነው።

ሂሳቡ ይኸው ነው። ሁለት ጎማ አለ። ጋሽ ታደሰ የሉም። ልጃቸው ሰላም አትለኝም።