ለመቶ አንድ ይካፈላል

ሮቤ ውስጥ የሂሳብ መምህር ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሥራ ያላቸውን ትልልቅ ሰዎች ዘጠነኛ ክፍል አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ ጎባ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ የጊኒር ሰው ናቸው፤ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። ፊት ወንበር ይቀመጣሉ፣ ሁሉን ይጽፋሉ፣ ተናግረው ግን አያውቁም።

አንድ ቀን ፕራይም ቁጥርን፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈለውን ቁጥር፣ ሳስረዳ ትልቅ ምሳሌ አማረኝና ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ብዬ ጻፍኩ። አርብ ዕለት ለሁለት፣ ለሦስት፣ እያልኩ እስከ አሥራ ሦስት ሞክሬው አልካፈል ብሎኝ ነበር። ከዚያ በላይ መሄዱ ታከተኝ።

"ይሄ ፕራይም ነው" አልኩ አፌን ሞልቼ።

ሴትዮዋ እጃቸውን አወጡ። "መምህር፣ ለመቶ አንድ የሚካፈል ይመስለኛል።"

"እናቴ፣ ይሄ እኮ ጨርቅ መለካት አይደለም።"

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ከዚያ ሻሻቸውን አስተካክለው ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

ቤት ገብቼ፣ ምሳ ሳልበላ፣ አካፈልኩት። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ደረሰ፤ ምንም አልተረፈም። መልሼ አባዛሁት፤ ያው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። ፊታቸውን ሳይ አፈርኩና ወደ ሌላ ምዕራፍ አለፍኩ። በሳምንቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቀሩ።

ወር ያህል ከራሴ ጋር ስሟገት ቆይቼ በሚኒባስ ጎባ ሄድኩ። ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ "አካም ጅርቱ" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። ተነስተው በርጩማ አቀረቡልኝ።

"ልክ ነበሩ፤ ይካፈላል" አልኩ። "የዚያኑ ዕለት አውቄያለሁ። ሳልናገር ቀረሁ።"

"እኔም እዚያው ተቀምጬ ነው ያረጋገጥኩት" አሉ ረጋ ብለው። "መቶ አንድን በዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሲያባዙት፣ ሚሊዮን ሊሞላ መቶ ይጎድለዋል። አንድ ጊዜ መቶ አንድ ሲጨምሩበት የእርስዎ ቁጥር ይመጣል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"እርስዎ መምህር ነዎት። እስኪናገሩ ጠበቅኩ።"

እንዲመለሱ ለመንኳቸው። የተዘረጋውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመሩ።

"ባለቤቴ ለምን ተውሽው ሲለኝ፣ ሂሳብ አልገባኝ አለ አልኩት። እሱም አመነኝ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። ስሰናበት ግን "ኢንሻአላህ" አሉኝ።

ቅዳሜ ለክፍሉ ሁሉን ተናገርኩ፤ ቁጥሩን፣ ማን እንዳገኘው፣ እኔም ሁለት ወር ያህል እንደደበቅኩት። ዓመቱ አለቀ፣ ሌሎቹ ወደ አሥረኛ አለፉ። እሳቸው አልመጡም። ጎባ ስሄድ አሁንም በሱቃቸው በኩል ሳይሆን በሌላ መንገድ ነው የማልፈው።