ኔትወርኩስ ደህና ነበር

ከሐይቅ ከተማ በወጣሁበት ምሽት አባዬ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ተለጥፎ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትደርስ ደውል። ዱባይ ምን እንደምሠራ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ያኔ አምባሰል ካለው ቤታችን ለመደወል ዳገት መውጣት ነበረበት። እንደዚያም ሆኖ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሳይደውልልኝ ቀርቶ አያውቅም።

እዚህ አገር ሙቀቱ የሰው አይደለም። ዓሣው እንኳ ከበረዶ ወጥቶ ስለሚጠበስ የሐይቃችን ዓሣ ዘመድ አይመስልም። የመጀመሪያው አከራዬ መስኮት በሌለው ክፍል አልጋ ሰጠኝ። ስልኬ እዚያ አይሠራም ብዬ ቅሬታ ባቀርብለት፣ "የተከራየኸው ለመተኛት ነው ወይስ ለመደወል?" አለኝ። እና ለእናንተ ለቤተሰቦቼ የምደውለው ደረጃ ላይ ቆሜ ነበር።

በኋላ ያገኘሁት ሥራ ደግሞ ኔትወርክ መፈተሽ ሆነ። ስልኮች መኪናዬ ውስጥ ደርድሬ ከተማውን ስዞር እውላለሁ። ስልኮቹ እርስ በርስ ይደዋወላሉ፤ ላፕቶፑ ድምፁ የት ጋ እንደተቆራረጠና የትኛው ታወር እንደደከመ ይመዘግባል። አዲስ ስልክ ገበያ ከመውጣቱ በፊትም ግድግዳው በስፖንጅ በተሸፈነ ዝግ ክፍል ውስጥ የፕላስቲክ እጅ አስጨብጠን እንፈትነዋለን፤ እጅ ሲይዘው ሲግናሉ ይቀንሳላ። ይህን ለአባዬ ስነግረው ሳቀ። "ዳገት የሚያስወጣኝ የገዛ እጄ ነው በለኛ!" አለ።

ዘንድሮ ከመንደራችን በላይ ታወር ተተከለ። ወንድሜ ሰይድ ጉራውን እየነዛ ከሳሎን በቪዲዮ ደወለልኝ፤ የአባዬን ጥርስ ሳይቀር አየሁት። ዳገቱ ቀረልን ብለን አልሐምዱሊላህ አልን።

ከዚያ በኋላ ነው አባዬ የጠፋው። በደወልኩ ቁጥር ሰይድ "አብሽር፣ ደህና ነው፣ ኔትወርኩ ነው ያስቸገረን" ይለኛል። አንዴ እርሻ ወርዷል፣ አንዴ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል። አቅርብልኝ ስለው ይዘጋል። እኔም ጅሉ አምኜ፣ ታወሩን የተከሉትን ሰዎች ስረግም ከረምኩ።

ግን እስከ መቼ? ኔትወርክ ሲደክም ድምፅ ይንተባተባል፣ ቃል ይጎረዳል። የሰይድ ድምፅ ጥርት ብሎ ቆይቶ አባዬን ስጠራ ብቻ ድርግም ይላል። እንጀራዬ ይኸው አይደል እንዴ? ሌላ ውሸት አጣችሁ? እዚህ ያሉት የአገሬ ልጆችም ሲያዩኝ ወሬ ያቋርጡ ጀመር። መኪና ስለሚነዳ አሁን አይነገረው ተባብለው እንደሆነ ገባኝ። ሁሉም ያውቃል፤ ልጁ ብቻ አያውቅም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ በር እንደሚያንኳኳ አልጠፋኝም። ወጉ ግን ጎረቤት ላለው ሰው ነው። እኔ ጎረቤቴን በስሙ እንኳ አላውቀውም፤ የምጠጋው ስልኩን ብቻ ነው፣ እሱንም ዋሻችሁበት።

ትናንት መኪናዋን መንገድ ዳር አቁሜ እማዬ ጋ ደወልኩ። አባዬን ስጪኝ አልኳት።

"ኔትወርኩ እኮ ልጄ..."

"እማ፣ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። እውነቱን ንገሪኝ።"

ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ከኋላዋ አንዲት ሴት ስታለቅስ ይሰማኛል።

"አጠገብህ ሰው አለ?" አለችኝ።

"የለም። ብቻዬን ነኝ።"

"እንግዲያው አልነግርህም የኔ ልጅ። ሰው ይምጣልህ።"

ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አታነሳም። ዛሬ በማለዳ በሬ ተንኳኳ። የአገሬ ልጆች ድምፅ ነበር፤ አልከፈትኩላቸውም።