እስከ መንገዱ የደረሰው መደገፊያ

የአባቴ ዓይን የጠፋው ቀስ በቀስ ነው። ልብስ ሰፊ ነበሩ። መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ የስፌት መኪናቸውን ሸጡ። እኔ መምህርት ሆኜ ጽጽቃ ከተማ ስመደብ ጭራሹን አያዩም ነበር። እናቴ ሞታለች፤ ታላቅ ወንድሜ ሳዑዲ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሰቆጣ ባለው ቤታችን የቀረነው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

ቤታችን ዳገት ላይ ነው። ከበሩ ወደ ግቢው የሚያወርድ ስድስት የድንጋይ ደረጃ አለው፤ ሽንት ቤቱ ደግሞ ከታች፣ አጥሩ ጥግ ላይ ነው። ልሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ የባሕር ዛፍ አጣና ገዝቼ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ይዘውት የሚሄዱት መደገፊያ ሠራሁ። የቋሚዎቹን ጉድጓድ ራሴ ቆፈርኩ። አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን አጣና በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ የሚወጋ ነገር ሲያገኙ በቢላዋ ይልጡታል።

«ከፍ አድርጊው እንጂ፤ አጎንብሼ ልሄድ ነው?» አሉኝ።

«በወገብዎ ልክ ነው የሠራሁት።»

«ልብስ ሰፊ ፊት ስለ ልክ አታውሪ።»

ሳቅን። ሦስት ጣት ያህል ከፍ አደረግኩት።

ምግባቸውን አንዲት ጎረቤታችን ልታደርስላቸው ተስማምታ እኔ ጽጽቃ ገባሁ። የተከራየኋት ክፍል አንድ አልጋና አንድ ወንበር ነበራት። ከትምህርት ቤት ስመለስ የተማሪዎቼን ደብተር አርማለሁ፤ ሥራው በዝቶ ሳይሆን የምሠራው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ። በወር አንዴ፣ መኪና ከተገኘ ደግሞ ሁለቴ፣ ሰቆጣ እሄዳለሁ። «እንዴት ሰነበቱ?» ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?»

ክረምቱ እንዳለፈ አንድ ቀን ሳልናገር በእኩለ ቀን ደረስኩ። አባቴ መደገፊያው የሚያልቅበት ላይ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆመዋል። ደነገጥኩ።

«አባዬ፣ አመመዎት እንዴ?»

«አይ፣ እንዲሁ ቆሜ ነው።»

ነገሩን የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት። «ዘወትር እዚያው ናቸው» አለችኝ። «ከአጥሩ ወዲያ ሰው ሲያልፍ ኮቴውን ሰምተው ሰላም ይላሉ። የሰማ ይመልሳል፤ ያልሰማም ያልፋል።»

መደገፊያውን ስሠራ ያሰብኩት እንዳይወድቁ ብቻ ነበር። የት መሄድ እንደሚፈልጉ አልጠየቅኳቸውም። ያን ዕለት ጠየቅኳቸው።

«እስከ መንገዱ ብታደርሺልኝ» አሉ።

«መንገድ ላይ መኪና አለ፣ ከብት አለ…»

«ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም።»

በማግስቱ አጣና ጨምሬ በግቢው በር አሳልፌ እስከ መንገዱ ዳር አደረስኩት። መጨረሻው ላይ ሰፊ ድንጋይ አንከባልዬ መቀመጫ አበጀሁላቸው። ከዚያ በኋላ ስመጣ ብቻቸውን ያገኘሁበትን ቀን አላስታውስም። ከጋዝጊብላ ለገበያ የሚመጡ ሰዎች ሸክማቸውን አጣናው ላይ አስደግፈው አጠገባቸው ያርፋሉ። ድሮ ልብስ የሰፉላቸው ሽማግሌዎችም ቀስ በቀስ ተሰበሰቡ።

በሁለተኛው ዓመት ዝውውር ተፈቀደልኝና ጠቅልዬ ሰቆጣ ገባሁ። ከእንግዲህ አባቴን ለብቻቸው አልተዋቸውም ብዬ ነበር የመጣሁት። እሳቸው ግን ከምሳ በኋላ መደገፊያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከባልንጀሮቻቸው ጋር የሚጫወቱት በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው። እናቴ በአማርኛ ስላሳደገችኝ እኔ ከቋንቋው የምሰማው ግማሹን ነው። ልቀላቀላቸው ስሄድ ለእኔ ብለው ሁሉም ወደ አማርኛ ይዞራሉ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል፤ ከዚያ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። ጥቂት ቆይቼ «ሥራ አለብኝ» ብዬ ስነሳ አባቴ፣ «ግቢ፣ ግቢ፣ እኔ ደህና ነኝ» ይሉኛል። ደህና ነበሩ። ደብተሮቼን ልዘረጋ ወደ ቤት እመለሳለሁ፤ ደረጃውን ሳልወጣ ሳቃቸው ከኋላዬ ይጀምራል።