ደም ሳይደርቅ የተቆረሰው ዳቦ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። የንስሐ አባቴ በየጾሙ መግቢያ «ሌላስ?» ሲሉኝ በጾም የቀመስሁትን ቅቤ፣ ያረፈድሁበትን ቅዳሴ፣ ጎረቤቴን ያማሁትን ሐሜት እነግራቸዋለሁ፤ ይህኛውን ግን ውጬው እነሳለሁ። ዛሬ ለእናንተ ለማታውቁኝ የምናገረው ደፍሬ እንዳይመስላችሁ። እሳቸው ዓይኔን እያዩ ቀኖና ይሰጡኛል፤ እናንተ ገጹን ገልጣችሁ ታልፋላችሁ። ከዚሁ ልጀምር እንግዲህ፤ ፈሪ ነኝ።

ሞላ እባላለሁ። ላሊበላ ላይ የአንድ ቴአትር ቡድን መሪ ነበርሁ፤ አሁንም ነኝ። ስለ ሰላም ድርሰት የምጽፈው እኔ፣ የአስታራቂውን ሽማግሌ ቦታ ይዤ የምጫወተውም እኔው ነኝ፤ ያንን ቦታ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ከበግ ፀጉር የተሠራ ጢም ለጥፌ መድረክ ላይ እወጣና የተጣሉትን አስታርቃለሁ። ሰዉ ያጨበጭባል። ከተመልካቹ መካከል የተጣሉት ግን እንደተጣሉ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ይህን አላየሁም ነበር ብል እዋሻለሁ፤ አይቻለሁ፣ ጭብጨባው በቅቶኝ ነው።

ከዚያ ሰዓዳ መጣች። ከታች ከአስፋልቱ ዳር ከተማ የመጣች፣ ሰላምን በጨዋታ የምታስተምር ወጣት ናት። ድርሰት የላት፣ አልባሳት የላት፤ የያዘችው አንድ ከረጢት ሙሉ ሻሽና የክር ኳስ ብቻ። «ሕፃናት መዋያ ልትከፍቺልን ነው?» ብዬ በሰው ፊት ቀለድሁባት። እሷም ከሁሉም በላይ ሳቀች፤ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የጠላኋት።

ልታስተምር የሰበሰበቻቸው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ከሚገኙ ሁለት ጎረቤት መንደሮች የመጡ ወጣቶች ነበሩ። በመካከላቸው ደም አለ። በግጦሽ መሬት ተጣልተው የአንዱ መንደር ሰው የሌላውን ገድሏል። ገዳዩ ታስሯል፤ የሟች ታናሽ ወንድም ባዬና የገዳዩ ታናሽ ወንድም ስዩም ግን በአንድ መንገድ መሄድ አልቻሉም። ሽማግሌዎች ደሙን ለማድረቅ ሲመላለሱ ከርመው ነገሩ ወደ መልካም ሊያዘነብል ነበር። የሰዓዳ ሥራ እስከዚያ ድረስ የወጣቶቹን ልብ ማለዘብ ነው።

አንድ ቀን በቡድናችን ግቢ ሁሉም እንደ እምቢተኛ በቅሎ እንዲሄዱ አዘዘቻቸው። ባዬ አንገቱን አደንድኖ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲል፣ ስዩም ከግቢው ማዶ አይቶት ሳቁ አመለጠው። ባዬም የስዩምን ሳቅ ሰምቶ ሳቀ። ወዲያው ሁለቱም ደንግጠው ፊታቸውን አዞሩ። በር ላይ ቆሜ ነበር። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ያን ሁሉ ዓመት ጢም የለጠፍሁት ለዚህች ሳቅ አልነበረም? እኔ ግን ቀናሁ።

የባዬና የሟቹ እናት እትዬ ጥሩ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ አይወጡም፤ የእኔን ቴአትር አንድም ቀን መጥተው አላዩም። ለሰዓዳ ግን በነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ቋጥረው ያመጡላት ጀመር። «ክፉ አይንካሽ የኔ ልጅ» ይሏታል። ሽማግሌዎቹም ስብሰባ ሲጠሩ፣ እኔ በምቀመጥበት ወንበር ላይ እሷን አስቀመጧት፤ እኔን ጠጋ በል አሉኝ። ተጠጋሁ። ፈገግ ብዬ ነው የተጠጋሁት።

ከዚያ በኋላ ነው ሰዓዳ ልትጠይቀኝ የመጣችው።

«ጋሼ፣ እኔ የአስፋልት ዳር ልጅ ነኝ፤ የደጋውን ወግ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ነገ አንደኛው ዓይኑን በሻሽ ይሸፈናል፤ ሌላው እጁን ይዞ እየመራ ዳቦ ያጎርሰዋል። የተሸፈነው የማን እጅ እንደሆነ ይገምታል። ባዬንና ስዩምን አራርቃቸዋለሁ። ሌላ የሚያስቀይም ነገር አለው?»

ነበረው። እኛ ዘንድ ደም የተቃባ ሰው፣ ደሙ በሽማግሌ ሳይደርቅ ከደመኛው ጋር ከአንድ ዳቦ አይቀምስም። ተዝካር ላይ ቢገናኝ እንኳ ሌላ ዳስ ፈልጎ ይቀመጣል። ዳቦው የሚቆረሰው በመጨረሻ፣ ከመሐላው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከደመኛው እጅ የጎረሰ ሰው «ወንድሙን በላው» ይባላል፤ ይህ ስም ደግሞ ከወጣ አይመለስም። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ከጡት ጋር የጠባሁት ነው። ሁለቱን ማራራቅ ብቻ አይበቃም ነበር፤ ዳቦው ራሱ እዚያ ግቢ መግባት አልነበረበትም።

«ምንም የለም ልጄ፣ አታስቢ» አልኋት።

«አላህ ይስጥልኝ ጋሼ። እርስዎ ካሉኝማ እንቅልፌን እተኛለሁ።»

በማግሥቱ እሷ ሴቶቹን ስታጣምር ወንዶቹን ለእኔ ተወችልኝ። የባዬን ዓይን በሻሽ ያሰርሁት እኔ ነኝ። እጁን ይዤ የወሰድሁትም እኔ ነኝ። ወስጄ በስዩም እጅ ላይ አስቀመጥሁት። ስዩም ፊቱ አመድ መሰለ። በጆሮዬ «ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹስ?» አለኝ።

«ፈቅደዋል» አልሁት።

አመነኝ። ለምን አያምነኝ? በየመድረኩ የማስታርቅ ሰው ነኝ። ያን ቃል ሲጠብቅ የኖረ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። ዳቦውን ቆረሰ፤ ቅርፊቱን ልጦ ለስላሳውን ለባዬ አጎረሰው። ባዬ እያላመጠ ፈገግ አለ።

«ይኸ የሚሳሳልኝ ሰው እጅ ነው» አለ።

ሻሹን ፈታ። ከፊቱ የቆመው ስዩም ነበር። ወደ ግድግዳው ሄዶ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተና ያስመልሰው ጀመር። እትዬ ጥሩ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ልጃቸውን ሳይጠሩት ከግቢው ወጡ።

ሽማግሌዎቹ ጠሩን። ስዩም «ጋሼ ሞላ ‹ሽማግሌዎቹ ፈቅደዋል› ብለውኛል» አለ። እኔ «አላልሁም» አልሁ። የገዳይ ወንድም ነውና ማን ይመነው? ሰዓዳ እስክናገር ጠበቀችኝ፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ጫማዬን ማየት ጀመርሁ። «ጠይቄው ነበር» ማለት ትችል ነበር፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አላወቅሁም» ብቻ አለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ከተሰበሰበው አንዱ «ድሮስ የቆላ እስላም የኛን ወግ ምን ያውቃል» ሲል ሰማሁ። በሠርግም በለቅሶም የማንለያይ ሰዎች እንዲህ አልን፤ እንዲባል ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜም ዝም አልሁ። ስትሄድ ከረጢቷን ለእኔ ተወችልኝ። «ለሥራ ይሆንዎታል» አለችኝ። ሻሾቹ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ናቸው።

እርቁ ፈረሰ። ባዬን «ወንድሙን የበላ» አሉት፤ ስሙን መሸከም አቅቶት አገር ለቆ ሄደ፤ ሲደወልለትም አያነሳም። የእትዬ ጥሩን መሬት የሰው እጅ ያርሰዋል። እኔስ? ወንበሬን አገኘሁ። ጢሜን ለጠፍሁ። ቅናቴስ ጠገበ? አልጠገበም። አሁንም ሕፃናት በመንገድ ላይ እንደ በቅሎ ሲጫወቱ ሳይ፣ ጨዋታው የእሷ መሆኑ ትዝ ይለኝና ያንገበግበኛል። ከዚህ በላይ ምን ልንገራችሁ?

ዘንድሮ ሽማግሌዎቹ እርቁን እንደገና ጀምረውት ተሳክቷል። ለሟች ወገን እናቲቱ፣ ለገዳይ ወገን ስዩም ይቀርባሉ። በእርቁ ቀን ዳቦውን ይዞ ለሁለቱ ወገን የሚያቆርሰው እኔ እንድሆን ተመርጫለሁ። የመረጡኝ እትዬ ጥሩ ራሳቸው ናቸው። ቤቴ ድረስ መጥተው እጄን ያዙ።

«ሞላዬ፣ ያች ልጅ ያበላሸችውን አንተ አቅናልን። ባዬም ሰምቶ ይመጣ ይሆናል» አሉኝ።

«እሺ እትዬ» አልኋቸው። አያችሁ? አሁንም እሺ አልሁ።

ዳቦውን ግን አልይዘውም። ከመቆረሱ በፊት ተነሥቼ፣ በስዩም ፊት፣ በእናቲቱ ፊት፣ ማን «ፈቅደዋል» እንዳለ እናገራለሁ። ወደ ሰዓዳም እሄዳለሁ። እንደ ልማዴ ከፈራሁ ይህ ጽሑፍ ይመስክርብኝ። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ያን ቀን ግቢው ውስጥ ሰይጣን አላየሁም፣ እኔ ነበርሁ። ከእናንተም ይቅርታ አልጠይቅም። እናንተ ያንን ዳቦ አልጎረሳችሁትም።