የእትዬ በላይነሽን ቆስጣ ዓይን አልበላውም

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ፤ የጎረቤቴን የእትዬ በላይነሽን ቆስጣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ሸክላ ሻጯን አስካለን ከበራቸው ሲያባርሯት ደረስኩ።

«ሁለተኛ እዚህ ሰፈር እንዳላይሽ! ‹እንዴት ያምራል› ብለሽ ቆስጣዬን በዓይንሽ በላሽው!»

«ኧረ እትዬ፣ ማማሩን ነው ያልኩት። ከእንግዲህ አስቀያሚ ነው እላለሁ» አለች አስካለ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ መጽሐፍ ታነቢያለሽ። ዓይን አይደለም ወይ?»

«እግዜር ይወቅ» አልኩ። እግዜር ብቻ ሳይሆን እኔም አውቅ ነበር።

ቅጠሉ ላይ የሚታየው ነጭ መስመር፣ ትንሽ ትል ከውስጥ እየበላ ያወጣው መንገድ ነው። መጀመሪያ የታየው በእኔ ጓሮ ነው። የተበላውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል እንደሚገባ አንብቤያለሁ። ለቀምኩት፤ ግን በከተማችን በሚዛን ዝናብ እርጥብ ቅጠል ማቃጠል ሰልችቶኝ በአጥሩ ላይ ወደ እሳቸው በኩል ወረወርኩት። ትሉ ዝንብ ሆኖ ጓሯቸውን ወረሰው።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሠራተኛችንን ሌባ ብሎ ሲያባርራትም እንዲሁ ዝም ብያለሁ። ሰረቀች የተባለው ዕቃ በኋላ ተገኘ፤ እሷ ግን አልተገኘችም።

እናንተስ ዝም በማለታችሁ ማን ተባረረ? ጻፉልኝ።

ትዕግስት፣ የእትዬ ልጅ፣ እዚህ ፌስቡክ ላይ ጓደኛዬ ነሽ። ዛሬውኑ ለእናትሽ አንብቢላቸው። እኔ አስካለ ቤት እየሄድኩ ነው፤ ስመለስ በእናንተ በር ነው የማልፈው።